ከእንሰት ቃጫ እስከ «ኢ 466»፦ ሴሉሎስ እንዴት ማወፈሪያ ይሆናል?

በሺሺንዳና በአካባቢዋ እንሰት በየጓሮው ይበቅላል። ከዚህ ከአንዱ ተክል ቡላም ቃጫም ይገኛል። ቡላ በውኃ ተበጥብጦ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ አብጦ ይወፍራል፤ ቃጫው ግን ቀኑን ሙሉ ቢቀቀል ያው ቃጫ ነው። ይሁንና የቡላው ስታርችም ሆነ የቃጫው ሴሉሎስ የተሠሩት ከግሉኮስ ብቻ ነው። ተማሪዎቻችን ይህን ሲሰሙ ይጠራጠራሉ፤ መጠራጠራቸውም ተገቢ ነው።

ልዩነቱ ያለው በትስስሩ ላይ ነው። የስታርች ግሉኮሶች በአልፋ ትስስር ስለሚያያዙ ሰንሰለቱ ይጠማዘዛል፤ ሙቀት ሲያገኝ ውኃ በመካከሉ ይገባል። የሴሉሎስ ትስስር ግን ቤታ ነው። እያንዳንዱ ግሉኮስ ከጎረቤቱ አንጻር ተገልብጦ ስለሚቀመጥ ሰንሰለቱ ቀጥ ይላል። ቀጥ ያሉት ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ተደርድረው በሃይድሮጂን ትስስር ሲጣበቁ ውኃ መግቢያ ያጣል። ፈረንሳዊው ኬሚስት አንሴልም ፔየን በ1838 እ.ኤ.አ. ከዕፅዋት ለይቶ ያወጣው ይኸንኑ ግትር ነገር ነው።

ግትርነቱን ለመስበር ከእንጨት ወይም ከጥጥ የተገኘ ሴሉሎስ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ እንዲያብጥ ይደረጋል፤ ከዚያም ከሞኖክሎሮአሴቲክ አሲድ ጋር ይገናኛል። በአንዳንዶቹ ሃይድሮክሲሎች ላይ በሃይድሮጂኑ ፋንታ አዲስ ቅጥያ ይተከላል። ስሙ ታሪኩን ይናገራል፦ «ካርቦክሲ» የአሲዱን ቡድን፣ «ሜቲል» ቡድኑን ከሰንሰለቱ ጋር የሚያገናኘውን አንድ ካርቦን ያመለክታል። ሙሉ ስሙ ሶዲየም ካርቦክሲሜቲል ሴሉሎስ ነው። በአንድ ግሉኮስ ላይ 3 ሃይድሮክሲሎች ስላሉ የመተካት ደረጃው ከ3 አይበልጥም፤ 0.7 ከተባለ በአማካይ ለ10 ግሉኮሶች 7 ቅጥያዎች ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ የፊዚክስ ይሆናል። በውኃ ውስጥ ሶዲየሙ ሲለይ በሰንሰለቱ ላይ ኔጌቲቭ ቻርጆች ይቀራሉ፤ እርስ በርሳቸው ስለሚገፋፉም ሰንሰለቱ ይዘረጋል፣ ፈሳሹም ያለ እሳት ይወፍራል። ሲጫኑት ሰንሰለቶቹ ወደ ፍሰቱ አቅጣጫ ስለሚሰለፉ ይቀጥናል፤ ሲተዉት መልሶ ይወፍራል። የጥርስ ሳሙና ከቱቦው በቀላሉ ወጥቶ ብሩሽ ላይ ሳይፈስ የሚቀመጠው በዚህ ዓይነቱ ጠባይ ነው። ሎሚ ቢጨመርበት ግን አሲዱ ቻርጆቹን ያጠፋቸዋል፤ ውፍረቱም ይቀንሳል።

በዕቃ መለያ ላይ «ኢ 466»፣ «ሲ ኤም ሲ» ወይም «ሴሉሎስ ጋም» ተብሎ ይጻፋል። ይህ የመጨረሻው ስም አይጥመንም። «ጋም» ሙጫ ነው፤ አንባቢው ከግራር የሚንጠባጠበውን ሊያስብ ይችላል፤ የግራር ሙጫ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ቁጥሩም 414። «ሜቲል ሴሉሎስ» የሚለውም ከዚህ ጋር መምታታት የለበትም። እርሱ 461 ነው፤ ቻርጅ የለውም፤ በቀዝቃዛ ውኃ ይሟሟል፣ ሲሞቅ ይረጋል፣ ሲበርድ መልሶ ይፈሳል።