የቀለለን ሁሉ እውነት ነውን?

አንድን ወሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ስንሰማ «ከማን ተሰማ?» ብለን እንጠይቃለን። ያንኑ ወሬ በሦስተኛው ቀን ስንሰማው ግን «እኔም ሰምቻለሁ» እንላለን። በመካከሉ የተጨመረ ማስረጃ የለም፤ የተጨመረው መላመድ ብቻ ነው።

የሥነ ልቡና ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ አእምሮአችን አንድን ነገር ሲቀበል የነገሩን ይዘት ብቻ ሳይሆን የአቀባበሉን ቅለትም ይመዝናል። የለመድነው ቃል፣ ጥርት ብሎ የተጻፈ ጽሑፍ፣ ቤት የሚመታ አነጋገር ያለ ድካም ይገባናል። ይህ ቅለት ደስ የሚል ስሜት ያሳድርብናል፤ እኛም የስሜቱን ምንጭ ሳንለይ ነገሩን ራሱን «መልካም ነው»፣ «እውነት ነው» እንላለን።

በ1977 (እ.ኤ.አ.) ሐሸር፣ ጎልድስታይንና ቶፒኖ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እውነትና ሐሰት የተቀላቀሉባቸውን 60 ዓረፍተ ነገሮች በሁለት ሳምንት ልዩነት ሦስት ጊዜ ለኮሌጅ ተማሪዎች አቀረቡ። ከዓረፍተ ነገሮቹ ጥቂቶቹ በየጊዜው ይደገሙ ነበር። የተደገሙት፣ ሐሰቶቹም ሳይቀሩ፣ ተአማኒነታቸው እያደገ ሄደ፤ ያልተደገሙት ግን ባሉበት ቀሩ። በ2015 የታተመ ሌላ ጥናትም ትክክለኛውን መልስ አስቀድሞ ማወቅ እንኳ ከዚህ ስሕተት እንደማያድን አሳይቷል።

መድኃኒቱን የሚጠቁመን በ2000 የታተመው የማክግሎንና የቶፊግባክሽ ጥናት ነው። ቤት የሚመቱ የእንግሊዝኛ ምሳሌያዊ አነጋገሮች፣ ትርጉማቸው ሳይለወጥ ቤት እንዳይመቱ ከተደረጉት ይልቅ ትክክል መስለው ታዩ። አንባቢዎቹ የአነጋገሩን ውበት ከትርጉሙ እንዲለዩ በተነገራቸው ጊዜ ግን ልዩነቱ ቀነሰ። እንግዲህ መለየት ይቻላል ማለት ነው።

ቅለት በራሱ ክፉ አይደለም። መልካም መምህር ትምህርቱን ያቀልላል፤ ደጋግመን የምንሰማው ነገርም ብዙ ጊዜ እውነት ነው። አደጋው ቅለቱን እንደ ምስክር ስንቆጥረው ነው። ሁለት ባላጋራዎች በሽማግሌዎች ፊት ሲቆሙ፣ አንደኛው አንደበቱ የተባ፣ ሁለተኛው ቃል የሚያጥረው ሊሆን ይችላል። የፊተኛው ነገር ቶሎ ይገባናል፤ ቶሎ ስለ ገባን ግን እውነቱ ከእርሱ ጋር ነው ማለት አይደለም። በጎረቤታችን ላይ የተደጋገመ ሐሜትም እንዲሁ ነው፤ ሰባት ሰው ቢያወራው ምንጩ አንድ ሰው ሊሆን ይችላል። በዚህ ስሕተት የሰው ስም ይጠፋል፤ ፍርድም ይጓደላል።

ስለዚህ ከመፍረዳችን በፊት «ያመንሁት ስላየሁት ነው ወይስ ስለ ለመድሁት?» ብለን ራሳችንን እንጠይቅ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦
1. ምንጩን ሳንጠይቅ ደጋግመን በመስማት ብቻ ያመንነው ምን አለ?
2. አሳቡን መግለጽ የሚያቅተውን ሰው እስከ መጨረሻው እናዳምጠዋለንን?