የገደል ማሚቶ በሳጥን ውስጥ

በዚህ እትም የሳይንስ ዓምድ የማቀርብላችሁ ስለ ኢኮ ነው። ምክንያት አለኝ። ባለፈው ወር በሰልፍ ሰዓት «የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ለፈተና ምዝገባ ሐሙስ ፎቶ ይዛችሁ ኑ» ብዬ በሞንታርቦ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ድምፄ የሬዲዮ ጋዜጠኛ እንዲመስል ብዬ የኢኮውን ቁልፍ እስከ መጨረሻው አዙሬው ነበር። ከኋላ የተሰለፉት የሰሙት «ሙስ ሙስ… ቶቶቶ» ብቻ ነው። ከቡናው ማሳ ማዶ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሯ የምትመጣ የክፍላችን ልጅ ሐሙስ ያለ ፎቶ መጥታ ሳትመዘገብ ተመለሰች። ቲቸርም «ሁለተኛ ኢኮ የሚባል ነገር እንዳይነካ» አሉ። እኔ ደግሞ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ማወቅ ፈለግኩ።

ኢኮ ማለት ያው የገደል ማሚቶ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ጆሯችን አጫጭር ድምፆችን ሁለት አድርጎ ለመስማት በመካከላቸው የሰከንድ አንድ አሥረኛ ያህል ይፈልጋል። በዚያ ጊዜ ድምፅ 34 ሜትር ይሄዳል፤ ሄዶ ስለሚመለስ ግድግዳው 17 ሜትር ቢርቅ ይበቃል። በሜዳችን ሞክሩት። ከመማሪያ ክፍሉ ግድግዳ 5 ሜትር ላይ ቆማችሁ ሁለት እንጨት አጋጩ፤ ምንም የለም። 30 ሜትር ራቁና ድገሙት፤ ግድግዳው ይመልስላችኋል። (በዕረፍት ሰዓት ግን አትልፉ፣ ጫጫታ ነው።)

ጊታር ተጫዋቾች ይህን ገደል በሳጥን ይዘውት ይዞራሉ። ዲሌይ ፔዳል ይባላል፤ በእግር ስለሚረገጥ ነው። በጊታሩና በአምፕሊፋየሩ መካከል በጃክ ይሰካል። ጎረቤታችን ቡና ተሸጦ ሠርግ ሲበዛ ቴፒ ድረስ እየሄደ ይጫወታል፤ አንድ አሮጌና አንድ አዲስ ፔዳል አለው። እሁድ ዕለት መብራት እስኪመጣ ጠብቀን ሁለቱን አወዳደርን። ሁለቱም ሦስት ሦስት ቁልፍ አላቸው፦ ድምፁ ስንት ጊዜ ቆይቶ እንደሚመለስ፣ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገምና ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ የሚወስኑ።

አሮጌው አናሎግ ነው። የዚህ ዓይነቱ አሠራር በፈረንጆች 1969 ፊሊፕስ ኩባንያ ውስጥ በሆላንድ ተፈለሰፈ። ተሰልፈን ቡና በጣሳ ስንቀባበል አስቡት፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ትንሽ ትንሽ ይፈስሳል። ድምፁም እንዲሁ ቀጫጭኑ እየጠፋ፣ እየደበዘዘ ይመለሳል። የጃፓኑ ቦስ በ1981 ያወጣው ዲኤም-2 የሚያቆየው እስከ 300 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ይህም 51 ሜትር የራቀ ግድግዳ ማለት ነው። አዲሱ ዲጂታል ነው፤ ድምፁን ቁጥር አድርጎ ያስቀምጥና መልሶ ያነብበዋል። ቁጥር አይፈስስም። የዚሁ ኩባንያ የመጀመሪያው ዲጂታል ዲሌይ ፔዳል ዲዲ-2 800 ሚሊ ሰከንድ ይደርስ ነበር።

አዲሱ ያሸንፋል ብዬ ነበር። ለቀስ ያለ ትዝታ ግን ለእኔ አሮጌው ይበልጣል። የሚመለሰው ድምፅ ስለሚደበዝዝ የአሁኑ ምት የትኛው፣ ያለፈው የትኛው እንደሆነ ይለያል። በአዲሱ ሁሉም እኩል ጠርቶ ስለሚመጣ ተጫዋቹ ራሱ «አሁን የመታሁት እኔ ነኝ ወይስ እሱ?» ብሎ ሳቀ።

ጭፈራ ላይ ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። በደቂቃ 100 ጊዜ ብናጨበጭብ በሁለት ጭብጨባ መካከል 600 ሚሊ ሰከንድ አለ። ጎረቤታችን ግማሹን፣ 300 አድርጎት ነበር፤ ዘፈኑ አነከሰ። ለካ ችክችካ እያንዳንዱን ምት የሚከፍለው ለሁለት ሳይሆን ለሦስት ነው! 600 ሲካፈል ለ3፣ 200 ይሆናል። ቁልፉን ወደዚያ ስናመጣው ማሚቶው ከከበሮው ጋር አብሮ ይረግጥ ጀመር። «አንቺ ልጅ፣ ሒሳብሽን ሠርግ ላይ ይዤሽ ልሂድ» አለኝ። (በነገራችን ላይ፣ ጃኩ ተሰክቶ ካደረ የፔዳሉ ባትሪ ያልቃል። ከሠርግ ሲመለሱ መንቀል ነው።)

ወደ እኔ ጥፋት ልመለስ። ስንናገር በሰከንድ 5 ያህል ፊደል እናወጣለን እንበል። ማሚቶው በየ300 ሚሊ ሰከንዱ 4 ጊዜ ቢደጋገም 1.2 ሰከንድ ይቆያል። ስለዚህ «ሐሙስ» ስል ከዚያ በፊት ያልኳቸው 6 ፊደላት ላዩ ላይ ተከምረዋል። ዘፋኝ ቃሉን ስለሚጎትት ያምርበታል፤ ማስታወቂያ ግን አይጎተትም።

ቲቸርን አስፈቅጄ ማስታወቂያውን ደግሜ አነበብኩ። መጀመሪያ ኢኮውን ዘጋሁት፣ ቀጥሎ አንዴ ብቻ፣ በዝግታ እንዲመልስ አደረግኩት፣ በመጨረሻ እንደ ድሮው ከፈትኩት። በመጀመሪያው ሁሉም ነገር ተሰማ፤ በሁለተኛው ቀኑ ተሰማ፣ «ፎቶ» ግን አጠራጠረ፤ ሦስተኛውን ታውቁታላችሁ። አሁን ቁልፉ ላይ ሁለት ነጭ ፕላስተር ለጥፈናል፤ አንዱ ዜሮ ላይ ለማስታወቂያ፣ ሌላው ለወላጆች በዓል መዝሙር። ፎቶዋን በማግስቱ አምጥታ የተመዘገበችውን ልጅ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። በሙከራው ቀን ከሰልፉ ኋላ ቆማ የሰማችውን ስትጽፍልኝ የነበረችውም እሷ ናት።