ላፕቶፕ ወይስ ክላስተር? የዘረመል መረጃ ከመተንተንዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

እንደ መካነ ኢየሱስ ወይም ስማዳ ባለ ወረዳ ተቀምጠው የሰብል ወይም የበሽታ ተሕዋስያን ዘረመል ለመተንተን ላሰቡ መምህራንና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች።

የምን ጂኖም ነው? ከዋጋም ከፍጥነትም በፊት ይህን ይጠይቁ። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ጂኖም 4.4 ሚሊዮን የዲኤንኤ ፊደል ነው፤ ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ 23 ሚሊዮን ገደማ አለው። ለእነዚህ 16 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ይበቃል። ጤፍም ከ600 ሚሊዮን ብዙ አይርቅም፤ ሥራዎ ናሙናዎችን ከታወቀው ጂኖም ጋር ማነጻጸር ብቻ ከሆነ ላፕቶፑ እየዘገየም ቢሆን ይወጣዋል። የደጋው ገብስ ግን 5 ቢሊዮን፣ የዳቦ ስንዴ 16 ቢሊዮን ገደማ ፊደል አላቸው። የእነዚህን ጂኖም ከመጀመሪያው መገጣጠም በመቶዎች የሚቆጠር ጊጋባይት ራም ይጠይቃል፤ ይህ የክላስተር፣ ማለትም በኔትወርክ ተያይዘው አብረው የሚሠሩ ኃይለኛ ኮምፒውተሮች ሥራ ነው። ጊዜ ቢያጥርዎ ሌሊቱን ማሠራት ይቻላል፤ ራም ካጠረ ግን ሥራው ተቋርጦ ይቀራል።

መብራት ቢጠፋስ? ላፕቶፕ ላይ ከሠሩ ትንተናውን በናሙና ከፋፍለው የእያንዳንዱን ውጤት ወዲያው ያስቀምጡ። ክላስተር ላይ ስለርም በተባለው ሥራ አሰላፊ ፕሮግራም ወረፋ ያስያዙት ሥራ እርስዎ ጋ መብራትም ኔትወርክም ቢጠፋ ይቀጥላል። ለወረዳ ከተማ ተመራማሪ የክላስተር ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል።

መረጃው የት ነው ያለው? 100 ጊጋባይት በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚያደርስ መስመር ሳይቆራረጥ እንኳ 22 ሰዓት ይፈጃል። ትእዛዝ መላክ ግን ለደካማ ኔትወርክም ቀላል ነው። ስለዚህ ናሙናውን ያነበበው ላቦራቶሪ መረጃውን በቀጥታ ወደ ክላስተሩ እንዲልክ ይጠይቁ፤ ወደ እርስዎ የሚመጣው የመጨረሻው ሠንጠረዥ ብቻ ይሁን።

ከማን ያገኛሉ? ከዩኒቨርሲቲዎ ወይም ውጭ ካለ የምርምር አጋርዎ አካውንት ይጠይቁ። ጋላክሲ የተባለውም አገልግሎት በድረ ገጽ በነፃ ያሠራል። የሰው ናሙና ከሆነ ግን ወደ ውጭ ሰርቨር ከመላክዎ በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ይያዙ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ንም ያንብቡ።

ላፕቶፕም ሆነ ክላስተር ላይ ሊኑክስ የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ያስፈልግዎታል፤ ላፕቶፕ ላይ የለመዱት ትእዛዝ ክላስተር ላይም ያገለግላል። መጀመሪያ አንድ ናሙና ሞክረው የፈጀውን ራም ይመዝግቡ። አሁን የሚገዙት ላፕቶፕ ከሆነ ትርፉን ገንዘብ ከፕሮሰሰሩ ይልቅ ራሙ ላይ ያውሉት፤ ራሙ በኋላ ሊጨመርበት የሚችል መሆኑንም ሳያረጋግጡ አይክፈሉ።