ዲጂታል ጌጅ በአሮጌ ሆንዳ ላይ

እ.ኤ.አ. በ1969 ለገበያ የቀረበው ሆንዳ ሲቢ 750 የፍጥነት መቁጠሪያው ቀስት የሚዞረው በኬብል ነበር፤ ኬብሉ ከፊት ጎማው እምብርት ይነሳል። የአርፒኤም መቁጠሪያው ኬብል ደግሞ ከቴስታታው ይወጣል። ሽቦ የሚያስፈልገው ለአምፖሎቹ ብቻ ነው። ዛሬ መቁጠሪያው ሲሰበር ብዙ ሰው የሚገዛው ዲጂታል ጌጅ ግን ሁሉንም ነገር በሽቦ ይጠይቃል። አብሮት የሚመጣው ወረቀት የሽቦዎቹን ቀለም ይዘረዝራል እንጂ የእርስዎን ሞተር አያውቅም።

የመጀመሪያው ወጥመድ ቀለም ነው። በአብዛኞቹ ጌጆች ጥቁር ሽቦ ማሳ ነው። በሆንዳ ማሳው አረንጓዴ ሲሆን፣ ጥቁሩ ቁልፍ ሲከፈት ፖዘቲቭ የሚመጣበት ነው። ቀዩ በቀጥታ ከባትሪ ስለሚመጣ ቁልፍ ቢዘጋም ኃይል አለው። የጌጁን ዋና መስመር ከቀዩ ጋር ካሰሩት ሞተሩ ቆሞም ባትሪ ይበላል። 20 ሚሊ አምፔር ብቻ ቢወስድ እንኳ በቀን ግማሽ አምፔር ሰዓት ገደማ ነው፤ የ14 አምፔር ሰዓት ባትሪ በአንድ ወር ውስጥ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ ዋናውን መስመር ከጥቁሩ ይውሰዱ፣ በመካከሉም የ1 ወይም የ2 አምፔር ፊውዝ ያስገቡ። በዕድሜ ብዛት ቀለሙ የደበዘዘ ወይም ሌላ ሰው የቀጠለው ሽቦ ካጋጠመዎት ቴስተሩን እንጂ ዓይንዎን አይመኑ።

ሰው ቀኑን ሙሉ የሚደክመው ግን በማስጠንቀቂያ መብራቶቹ ነው። መብራቶቹ የሚበሩበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። የረጅም መብራት ምልክቱ ፖዘቲቭ ይላክለታል፤ በሰማያዊው ሽቦ 12 ቮልት ይመጣል፣ ሌላው ጫፍ ማሳ ላይ ነው። የፎሌና የዘይት መብራቶቹ ግን ተገላቢጦሽ ናቸው። አምፖሉ ፖዘቲቩን ከጥቁሩ ሽቦ አስቀድሞ ይዞ ይጠብቃል፤ ማርሹ ፎሌ ሲገባ ወይም የዘይት ግፊት ሲወርድ፣ ሞተሩ ላይ ያለው ማብሪያ ሌላውን ጫፍ ከማሳ ያገናኛል። ርካሽ ጌጆች አንዳንዴ የሁሉንም መብራቶች ማሳ ከውስጥ አንድ ላይ አስረው ስለሚመጡ ፖዘቲቭ ብቻ ይጠብቃሉ። እንዲህ ያለውን ጌጅ ከፎሌ ሽቦ ጋር ቢያገናኙት በሁለቱም ጫፍ ማሳ ይሆናል፤ መብራት አይነሳም። ገዢውም ጌጁ ተበላሽቷል ብሎ ወደ ሱቅ ይመልሰዋል።

ለማረጋገጥ የቴስተሩን ቀይ ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩን ደግሞ በፎሌው ሽቦ ላይ ያድርጉ። ሽቦው ቀላል አረንጓዴ ሆኖ ቀይ መስመር ያለበት ነው። ፎሌ ሲያስገቡ ወደ 12 ቮልት ካነበበና ማርሽ ሲገባ ከጠፋ፣ ማሳ የሚልክ ሽቦ ነው። ጌጅዎ ፖዘቲቭ ብቻ የሚቀበል ከሆነ ትንሽ ሬሌ ያስፈልጋል፦ የሬሌው መጠምጠሚያ በጥቁሩና በፎሌው ሽቦ መካከል ይሆናል፣ መገናኛው ደግሞ ፖዘቲቩን ወደ ጌጁ ያሳልፋል።

ፍሬቻው የራሱ ተንኮል አለው። ብዙ አሮጌ ሆንዳዎች ለግራም ለቀኝም አንድ የዳሽቦርድ አምፖል ብቻ አላቸው፤ አምፖሉ በብርቱካናማው የግራና በቀላል ሰማያዊው የቀኝ ሽቦ መካከል ይቀመጣል። ግራ ሲበራ ኤሌክትሪኩ በእሱ አልፎ ማሳ የሚያገኘው በቀኙ ፍሬቻ አምፖሎች በኩል ነው። የሚያልፈው ትንሽ ስለሆነ የቀኞቹ አይበሩም። ብልህ አሠራር ነው፤ ሽቦ ይቆጥባል። አዲሱ ጌጅ አንድ የፍሬቻ ገመድ ብቻ ኖሮት ሁለቱን ሽቦዎች አንድ ላይ ቋጥረው ቢያስሩበት ግን አራቱም ፍሬቻዎች አብረው ብልጭ ይላሉ። መድኃኒቱ ሁለት 1ኤን4007 ዳዮዶች ናቸው፤ አንዱ ለግራ፣ ሌላው ለቀኝ፣ ቀለበት ያለበት ጫፋቸው ወደ ጌጁ ዞሮ።

የአርፒኤም ሽቦ ከቦቢናው ኔጋቲቭ፣ ፑንቲናው ካለበት በኩል ይወሰዳል። እዚያ ላይ በቅጽበት በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ስለሚዘል፣ ለአርፒኤም ከተመደበው ሽቦ ሌላ አያገናኙበት። ሲቢ 750 አራት ሲሊንደር፣ ሁለት ቦቢና ነው፤ አንዱ ለ1ኛና ለ4ኛ፣ ሌላው ለ2ኛና ለ3ኛ። እያንዳንዱ በአንድ ዙር አንዴ ይተኩሳል። አራት ሲሊንደር ነው ብለው ጌጁን በዙር ሁለት ምት ላይ ካስተካከሉት፣ 1,000 ዙር ላይ ያለው ሞተር 500 ያሳያል። ቁጥሩ የሚዘል ከሆነ 5 ኪሎ ኦም መከላከያ ያላቸውን የካንዴላ ቆቦች ይግጠሙ፣ የጌጁንም ሽቦ ከካንዴላ ገመድ ያርቁ። የድሮው ኬብል የወጣበትን የቴስታታ ቀዳዳም ይድፈኑ፤ ካልሆነ ዘይት ይተፋል።

ፍጥነቱ ቀላል ነው። የጌጁን ማግኔት ጎማው ላይ ይሰኩ፣ ሰው ተቀምጦበት ጎማውን አንድ ዙር ያንከባልሉና የሄደበትን በሚሊ ሜትር ይለኩ። 2,000 የሆነውን ጌጁ ላይ 2,100 ብለው ከሞሉ 60 ሲሄዱ 63 ያነባሉ።

የፋብሪካውን ሶኬት ግን አይቁረጡ። ተመሳሳይ ሶኬት ገዝተው አዲሶቹን ሽቦዎች በእሱ ላይ ይበይዱ፤ ጌጁ ሲሞት የድሮውን መልሰው መሰካት የሚችሉት እንደዚያ ከሆነ ብቻ ነው።