አጋም፦ አጥርም፣ ፍሬም፣ ትምህርትም

«ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል፤ አጋምን ግን በእሾሁ እንጂ በሌላ አናውቀውም ነበር።

ይህ የገባን ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ሰሞን ነው። አንድ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ጠቆር ያለ ፍሬ ያንጠለጠለ ቅርንጫፍ ይዞ መጣና «ቲቸር፣ ይሄ አጋም ነው አይደል? ይበላል?» ሲል ጠየቀን። እርስ በርሳችን ተያየን። በባዮሎጂ ጥሩ ውጤት አመጣን የምንለው ሁሉ መልስ አጣን! ያዳኑን የግቢው ዘበኛ ናቸው። ቅርንጫፉን አገላብጠው አዩና «እሾሁ የታል ታዲያ? መረንዝ ነው፤ ጣል አንተ ልጅ!» አሉት።

ሁለቱን እንለይ

አጋምና መረንዝ የአንድ ቤተሰብ ዕፅዋት ናቸው። የሁለቱም ቅጠል ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል፤ ሲቆረጡ ነጭ ወተት ያወጣሉ፤ አበባቸው ይሸታል፤ ፍሬያቸውም ሲበስል ይጠቁራል። መረንዝ ግን እሾህ የለውም። በምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች የቀስት መርዝ ሲቀምሙበት የኖሩት ከዚህ ተክል ነው፤ መርዙ ልብን ይጎዳል። ስለዚህ ለሕፃናት የምናስተምረው ደንብ አጭር ነው፦ እሾህ ከሌለው አትንካ። ታዲያ እሾህ ያለው ሁሉ አጋም ነው ማለት አይደለም፤ የማያውቁትን ፍሬ ለሚያውቅ ሰው ሳያሳዩ ወደ አፍ ማድረግ ክልክል ነው።

አለቃቀሙ

የአጋም ፍሬ መጀመሪያ አረንጓዴ ነው፤ ከዚያ ይቀላል፤ ሲበስል ይጠቁራል። የሚለቀመው ጠቁሮ ለስለስ ሲል ነው። ያልበሰለው ወተቱ ብዙ ስለሆነ ከንፈር ላይ ይጣበቃል፤ ይኮመጥጣልም። የበሰለው ቶሎ ስለሚበላሽ በዕለቱ መብላት ወይም ከስኳር ጋር ቀቅሎ ማርማላታ መሥራት ይሻላል። ለቀማ ስንወጣ ቅርንጫፍ አንስበር፤ ለወፎችም እንተው።

አተካከሉ

አጋም ከቆላ እስከ ወይና ደጋ ይበቅላል፤ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው ሐዋሳችንም ትስማማዋለች። የበሰለውን ፍሬ ጨምቆ ዘሩን ማውጣት፣ አጥቦ በጥላ ማድረቅ፣ ሳይቆይ መዝራት ነው። ችግኙ ክረምት ሲገባ ወደ አጥሩ ይዛወራል። እድገቱ ዝግ ያለ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከፍየል መጠበቅ አለበት። አበባው የሚወጣው በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ነው፤ እንደ ሌላው አጥር ዘወትር ከተከረከመ ፍሬ የለም።

ከብሉቤሪ የምንማረው

ፈረንጆች የሚወዱት ብሉቤሪ የዛሬ መቶ ምናምን ዓመት የጫካ ፍሬ ነበር። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ኤልዛቤት ዋይት የምትባል የገበሬ ልጅ እ.ኤ.አ. ከ1911 ጀምሮ ፍሬድሪክ ኮቪል ከተባለ የዕፅዋት ተመራማሪ ጋር ሠራች። የጫካ ለቃሚዎችን ትልቅ ፍሬ የሚያፈራውን ቁጥቋጦ እንዲያሳዩዋት ከፍላ አሠማራች፤ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቀዳዳ መለኪያም ሰጠቻቸው። እ.ኤ.አ. በ1916 የመጀመሪያው የእርሻ ብሉቤሪ ለገበያ ቀረበ።

ልብ በሉ፣ ሥራው የተጀመረው በመልቀምና በመለካት ነው! ብሉቤሪ ቅዝቃዜና አሲዳማ አፈር ስለሚፈልግ እሱን እናምጣ አላልንም። አጋማችን ግን ደጃችን ላይ አለ። ነገ በምንመደብበት ት/ቤት ተማሪዎች ፍሬውን በማስመሪያ ይለኩ፣ በሠንጠረዥ ይመዝግቡ፣ ከትልቁና ከጣፋጩ ዘር ይያዙ። ዘሩ እናቱን ሙሉ በሙሉ ላይመስል ስለሚችል ብዙ ዘርቶ መምረጥ ያስፈልጋል። በአንድ አጥር ሒሳብም ሳይንስም ይማሩበታል።

ያ ልጅ ዳግመኛ ሲጠይቀን ዘበኛውን አንጠራም። ይልቅ እሳቸውን ክፍል ጋብዘን አብረን እናስተምራለን።