የዘይት ክሪክ ብልሽትና መፍትሔው፦ በምዕራብ ጎጃም መንገዶች ለሚመላለሱ የእርዳታ መኪናዎች

የእርዳታ እህል ከወደብና ከማዕከላዊ መጋዘን ተነሥቶ በችግረኛው እጅ እስኪገባ ድረስ የሚያልፍባቸው ደረጃዎች ብዙዎች ናቸው። በእነዚህ ደረጃዎች ሁሉ ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች መካከል በዕቅድ ሰነድ ላይ ስሙ የማይነሣ፣ በንብረት መዝገብም ከመጨረሻዎቹ መሥመሮች በአንዱ ብቻ የሚገኝ አንድ መሣሪያ አለ፤ እርሱም የመኪና ማንሻ የዘይት ክሪክ ነው።

ክሪክ ለጎማ መቀየሪያ ብቻ የሚያገለግል ተራ ዕቃ ተደርጎ ስለሚታይ ብልሽቱም በቀላሉ ይታለፋል። ይሁን እንጂ 400 ኩንታል እህል የጫነ መኪና ከነተሳቢው በክሪክ ምክንያት በመንገድ ቆመ ማለት፣ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል በሚለው በአገራችን በተለመደው የእደላ መጠን ሲሰላ፣ ከ2,600 በላይ የሆኑ ሰዎች የወር ቀለብ ቆመ ማለት ነው። ከዚህም የከፋ ጉዳት አለ። ጭነት የተሸከመ ክሪክ በድንገት ቢወርድ ከመኪናው ሥር የገባው ሾፌር ወይም ረዳት ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የብልሽቱን ምልክቶች፣ መንስኤዎቹንና መከላከያቸውን ማወቅ የመካኒኩ ብቻ ሳይሆን መኪናውን የሚያሰማራው ኃላፊም ተግባር ነው።

መንገዱና ወቅቱ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደጀንና በደብረ ማርቆስ የሚያልፈው አውራ ጎዳና በ387ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ፍኖተ ሰላም ይደርሳል። ቡሬ ከዚያ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደፊት የምትገኝ የመንገድ መገናኛ ናት። ከቡሬ አንደኛው መንገድ ወደ እንጅባራ፣ ዳንግላና ባሕር ዳር ሲቀጥል፣ ሌላው ወደ ደቡብ ታጥፎ የዓባይን ሸለቆ በመሻገር ወደ ነቀምቴ ይወጣል። ከእንጅባራ ደግሞ ወደ ቻግኒ፣ ግልገል በለስና ፓዌ የሚወስደው መንገድ ይገነጠላል።

የእነዚህ መንገዶች ታሪክ ከድርቅና ከሰፈራ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በ1977 ዓ.ም. የተጀመረው ሰፊ የሰፈራ ፕሮግራም እስከ 1978 ዓ.ም. ድረስ 600,000 ያህል ሰዎችን በድርቅ ከተጎዱ አካባቢዎች ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያዛውር፣ በጊዜው በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር የነበረው መተከል ከተቀባዮቹ አንዱ ነበር። እስከ ዛሬ በቁጥር የሚጠሩት የፓዌ መንደሮች ያን ጊዜ የተመሠረቱ ናቸው። ሰፋሪው የመጀመሪያውን ሰብል እስኪሰበስብ ድረስ የሚበላው እህል በመኪና መምጣት ነበረበት። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከመተከል የተፈናቀሉ በርካታ ሰዎች በቻግኒ አካባቢ ሲጠለሉ ይኸው አቅጣጫ እንደገና የእርዳታ መንገድ ሆነ።

ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ዝናቡ ከባድ ነው። ከዋናው ጎዳና ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚገባ መኪና ጭቃ ይይዘዋል፤ ጎማውም በድንጋይ ይቀደዳል። በዚህ ጊዜ ከቅርብ ጋራዥ እርዳታ ማግኘት ስለማይቻል ሾፌሩ የሚተማመነው በመኪናው ላይ በተጫነው ክሪክ ብቻ ነው።

ክሪክ በምን ኃይል ያነሣል?

የዘይት ክሪክ የሚሠራበት ሕግ ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል በ17ኛው መቶ ዓመት የገለጠው ነው። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ በአንድ በኩል የተደረገ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይተላለፋል። የትራክተር ማረሻ ማንሻ፣ የገልባጭ መኪና ማንሻና የጀልባን የኋላ ሞተር ከፍና ዝቅ የሚያደርገው መሣሪያ ሁሉ በዚሁ ሕግ የሚሠሩ ናቸው። ስለሆነም ስለ ክሪክ የሚነገረው አብዛኛው ነገር ለእነርሱም ይሆናል።

በክሪክ ውስጥ አንድ ትንሽና አንድ ትልቅ ፒስቶን አሉ። በምሳሌ ለማስረዳት ያህል፣ አንድ ሰው እጀታውን በ30 ኪሎ ኃይል ቢጫንና እጀታው ኃይሉን 15 ጊዜ ቢያበዛው በትንሹ ፒስቶን ላይ 450 ኪሎ ያርፋል። የትንሹ ፒስቶን ውፍረት 1 ሳንቲ ሜትር፣ የትልቁ 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የትልቁ ገጽ የትንሹን 25 እጥፍ ነው። ስለዚህ ሰበቃ የሚቀንሰው ሳይቆጠር ትልቁ ፒስቶን 11,250 ኪሎ ያነሣል ማለት ነው።

ይህ ጥቅም ግን ያለ ዋጋ አይገኝም። በዚሁ ምሳሌ ትንሹ ፒስቶን 2.5 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ ትልቁ ከፍ የሚለው 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በአንድ ምት የሚገፋው ዘይት ከግማሽ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። ከዚህ የተነሣ በጣም ጥቂት አየር ወይም በጣም ጠባብ ማፍሰሻ የሰውየውን ድካም ሁሉ ከንቱ ሊያደርግ ይችላል።

ዘይቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ የሚያደርጉት ትንንሽ የብረት ኳሶች ያሏቸው ሁለት የማያስመልሱ ቫልቮች ናቸው። የመጀመሪያው ከዘይት ማጠራቀሚያው ወደ ፖምፓው ያስገባል፤ ሁለተኛው ከፖምፓው ወደ ትልቁ ፒስቶን ያሳልፋል። ሦስተኛው መልቀቂያው ሲሆን በእጅ ተከፍቶ ዘይቱን ወደ ማጠራቀሚያው ይመልሳል። ከእነዚህም ጋር በፒስቶኖቹ ዙሪያ ማሸጊያ ጎማዎች አሉ። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1795 በፈሳሽ ግፊት የሚሠራውን መጭመቂያ በስሙ ሲያስመዘግብ ካስቸገሩት ነገሮች ዋነኛው ይኸው የማሸግ ጉዳይ ነበር። ዛሬም ቢሆን የክሪክ ብልሽት በአብዛኛው የሚመነጨው ከማሸጊያው፣ ከቫልቩና ከዘይቱ እንጂ ከብረቱ አይደለም።

ብልሽትን በምልክቱ መለየት

ክሪክ ሲበላሽ ወዲያው ፈትቶ መበተን የተለመደ ስሕተት ነው። ከመፍታት በፊት አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይገባል፤ ዘይቱ ወዴት ሄደ? የሚከተሉት ምልክቶች ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣሉ።

1ኛ. እጀታው ያለ ምንም ክብደት ይወርዳል፤ ክሪኩ ግን አይነሣም። በመጀመሪያ መልቀቂያው እስከ መጨረሻው መዘጋቱ ይረጋገጥ። ብዙ ጊዜ ችግሩ ይኸው ብቻ ሆኖ ይገኛል። ተዘግቶም ካልተነሣ የዘይቱ መጠን ይታይ። ዘይቱም ካልጎደለ ወይ አየር ገብቷል፣ ወይም የመጀመሪያው ቫልቭ በቆሻሻ ተይዞ ዘይቱን ወደ ማጠራቀሚያው እየመለሰው ነው።

2ኛ. ክሪኩ ያነሣል፤ ነገር ግን እንደ ስፖንጅ ይለጠጣል ወይም እየዘለለ ይነሣል። ይህ የአየር ምልክት ነው። ዘይት አይታመቅም፤ አየር ግን ይታመቃል። አየሩን ለማውጣት ክሪኩ ያለ ጭነት ቀጥ ብሎ ይቁም፤ መልቀቂያው ይከፈት፤ የዘይት መሙያው ክዳን ይላላ፤ ከዚያም እጀታው ከ10 እስከ 15 ጊዜ በሙሉ ምት ይርገጥ። በመጨረሻ ሁሉም ተዘግቶ ክሪኩ ይሞከር። አንድ ጊዜ ካልበቃ ይደገማል።

3ኛ. ክሪኩ ያነሣና ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ በወረደም ቁጥር እጀታው በራሱ ከፍ ይላል። ይህ ሁለተኛው ቫልቭ አለመዘጋቱን ያመለክታል። በጭነቱ የተገፋው ዘይት ወደ ፖምፓው ስለሚመለስ እጀታውን ያነሣዋል።

4ኛ. ክሪኩ ይወርዳል፤ እጀታው ግን ካለበት አይንቀሳቀስም፤ በውጭም ዘይት አይታይም። እዚህ ላይ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው መልቀቂያው ነው። ትንሽ አሸዋ ወይም የብረት ፍቅፋቂ በመቀመጫው ላይ ስላረፈ በደንብ አይገጥምም። በ3ኛውና በ4ኛው ሁኔታ ጭነቱ ከወረደ በኋላ መልቀቂያው ተዘግቶ ትልቁ ፒስቶን በእጅ ወደ ላይ ይሳባል፤ ከዚያም መልቀቂያው ተከፍቶ በፍጥነት ወደ ታች ይጫናል። ይህ ጥቂት ጊዜ ሲደጋገም የሚያልፈው ዘይት ቆሻሻውን ሊያጥበው ይችላል። ካልታጠበ ሥራው የጋራዥ ነው።

5ኛ. በትልቁ ፒስቶን አናት ወይም በፖምፓው ዙሪያ ዘይት ይታያል። ማሸጊያው ጎማ አልቋል ወይም ተቆርጧል። ዘይት እየጨመሩ መሥራት ለዕለቱ ቢያደርስም መፍትሔ አይደለም፤ ጎማው መቀየር አለበት። የፒስቶኑ ገጽ ዝጎ ወይም ተጭሮ ከሆነ አዲሱም ጎማ ፈጥኖ ያልቃል።

6ኛ. ክሪኩ ይነሣል፤ ነገር ግን እስከ መጨረሻው አይደርስም። አብዛኛውን ጊዜ ዘይት ጎድሎታል።

7ኛ. መልቀቂያው ተከፍቶ ሳለ ክሪኩ አይወርድም። ፒስቶኑ ጎብጧል ወይም ዝጓል። በመዶሻ መምታት ፈጽሞ ክልክል ነው። ጭነቱ በሌላ ክሪክና በድጋፍ ተይዞ የተያዘው ክሪክ ከሥር ይውጣ።

ስለ ዘይቱ

ዘይት የሚለካው ትልቁ ፒስቶን ሙሉ በሙሉ ወርዶ ክሪኩ ቀጥ ብሎ ሲቆም ነው። መጠኑም እስከ መሙያው ቀዳዳ የታችኛው ጠርዝ ነው። ፒስቶኑ ከፍ ብሎ ሳለ የተሞላ ክሪክ ሲወርድ ለተመላሹ ዘይት ቦታ ስለማይኖር ማሸጊያው ሊፈነዳ ይችላል።

ለክሪክ የሚሆነው የሃይድሮሊክ ዘይት ነው። በመንገድ ላይ ዘይት ሲጠፋ የፍሬን ዘይት መጨመር ይታያል፤ ነገር ግን የተለመደው የፍሬን ዘይት ለማዕድን ዘይት የተሠራውን ማሸጊያ ጎማ ያሳብጠዋል። ክሪኩ ዛሬ ሠርቶ ነገ ጨርሶ ሥራ የሚያቆመውም ስለዚህ ነው። የሞተር ዘይትም አረፋ ስለሚይዝና በብርድ ስለሚወፍር አይመከርም። ዘይቱ እንደ ወተት ነጥቶ ከታየ ውኃ ገብቶበታል፤ ውኃም ብረቱን ያዝጋል። እንዲህ ያለው ዘይት ሙሉ በሙሉ ተደፍቶ ይቀየር። የአየሩም ጠባይ ይታሰብበት። በቡሬ ደጋማ አካባቢ ጠዋት በብርድ ደህና የያዘ ክሪክ፣ ከቀትር በኋላ በዓባይ ሸለቆ ሙቀት ዘይቱ ስለሚቀጥን ድብቅ ማፍሰሻው ሊገለጥ ይችላል።

ስለ መሬቱና ስለ ድጋፉ

ክሪኩ ወረደ የሚባለው ሁሉ ክሪኩ ወርዶ አይደለም፤ አንዳንዴ የሚወርደው መሬቱ ነው። ስፋቱ 12 በ12 ሳንቲ ሜትር የሆነ የክሪክ መቀመጫ 5 ቶን ቢሸከም በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 35 ኪሎ ያህል ያሳርፋል። ዝናብ የጠጣ ዋልካ አፈር ይህን አይችልም። ነገር ግን ከሥሩ 50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም ጣውላ ቢነጠፍ ክብደቱ ተከፋፍሎ ወደ 2 ኪሎ ይወርዳል። ድንጋይ ግን ሊንሸራተት ወይም ሊሰነጠቅ ስለሚችል የጣውላን ቦታ አይተካም።

ከማንሣት በፊት የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ባልተነሡት ጎማዎች ፊትና ኋላ ታኮ ይደረግ፤ የሚፈታው ጎማ ዳዶዎች መሬት ላይ ሳለ ይላሉ። ክሪኩ የሚቆመው በአክስል ሥር ወይም አምራቹ ባመለከተው ቦታ ቀጥ ብሎ ነው። መኪናው ከተነሣ በኋላ በብረት ካቫሌቶ ወይም ተነባብሮ በተደላደለ ወፍራም እንጨት ላይ ይረፍ። ክሪክ ያነሣል እንጂ ይዞ እንዲያቆይ አልተሠራም። በድጋፍ ላይ ባላረፈ መኪና ሥር ማንም ሰው፣ ለአጭር ጊዜም ቢሆን፣ መግባት የለበትም። መልቀቂያውም ሲከፈት በጣም ቀስ ተብሎ መሆን አለበት። ከጠባብ ቀዳዳ በግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳን በስቶ ስለሚገባ ማፍሰሻውን በጣት መፈለግ አደገኛ ነው። እንዲህ ያለ ጉዳት ትንሽ ቢመስልም ሳይዘገይ ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት።

የኃላፊዎች ድርሻ

ከላይ ከተዘረዘሩት ብልሽቶች አብዛኞቹ መኪናው ከመጋዘን ሳይወጣ ሊታወቁ ይችላሉ። ለዚህም የሚበቃው ፈተና ቀላል ነው። በተደላደለ ወለል ላይ የተጫነው መኪና ጥቂት ይነሣል፤ በአጠገቡ ቆሞ በሚለካ እንጨት ላይ ከፍታው በጠመኔ ይመለከታል፤ 10 ደቂቃም ይጠበቃል። መኪናው ከምልክቱ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ክሪኩ ለጉዞ ብቁ አይደለም። በዚህ ጊዜ ሁሉ ከመኪናው ሥር ሰው አይኖርም።

ስለሆነም መኪና የሚያሰማራ ጽሕፈት ቤት በመውጫ ወረቀቱ ላይ የሚከተሉት መሟላታቸውን እንዲያረጋግጥ ያስፈልጋል፤ የተፈተነ ክሪክ፣ ይኸውም የማንሣት ችሎታው ለተጫነው መኪና የሚበቃ፤ ከነእጀታው፤ ሁለት ካቫሌቶ፤ ወፍራም ጣውላ፤ ታኮ፤ በታሸገ ዕቃ የተያዘ የሃይድሮሊክ ዘይት። ክሪኩ ተጋድሞ ሲጓዝ ዘይት ስለሚያንጠባጥብና አየር ስለሚስብ ቀጥ ብሎ የሚታሰርበት ቦታ ይዘጋጅለት። ከመንገድ የተመለሰ ሾፌርም ክሪኩ ያሳየውን ጠባይ እንዲያስመዘግብ ይደረግ፤ በመዝገብ ያልሰፈረ ብልሽት ለሚቀጥለው ሾፌር ወጥመድ ነውና።

እነዚህ ዕቃዎች ሁሉ ዋጋቸው ከሚጓዘው እህል ዋጋ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። በቻግኒ መንገድ ወይም በዓባይ ቁልቁለት ላይ የቆመ መኪና የሚያስከፍለው ዋጋ ግን በሁለት ወገን ይከፈላል፤ በአንድ በኩል ከመኪናው ሥር ለመግባት በሚገደደው ሠራተኛ፣ በሌላው በኩል በመንደሩ ወርፉን ይዞ እደላውን በሚጠብቀው ቤተሰብ። የ10 ደቂቃው ፈተና የሚጠብቀው ሁለቱንም ነው።