መኪናው በማን ስም ነው?

ጥያቄው የደረሰኝ ከደብረ ማርቆስ ነው። ጠያቂዋ በስማቸው የተመዘገበ የቤት መኪና አላቸው። ከሜሪላንድ ለጥየቃ የመጣው ታናሽ ወንድማቸው መኪናውን ይዞ ወደ ደጀን ሲሄድ፣ የትኖራን ካለፈ በኋላ መንገድ ዳር ከሚነዳ መንጋ አንዲት ላም ተፈንጥቃ አስፋልቱ መሐል ገባችበት። ፍሬን ቢይዝም መታት፤ ላሟም ስትወድቅ እረኛውን ልጅ ገፍታ እግሩን ሰበረችው። ላሟ ሞታለች፤ የመኪናው ፊት ተጨራምቷል። ወንድምየው «ጥፋቱ የእኔ አይደለም፤ ሜሪላንድ ቢሆን አምስት ሳንቲም አልከፍልም ነበር» ይላል። የልጁ ቤተሰቦች ደግሞ ሽማግሌ ልከዋል። የመመለሻ ትኬቱ ተቆርጧል። እህትየዋ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «እኔ አልነዳሁም፤ ምን አገባኝ?»

ያገባዎታል። እንዲያውም ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው እርስዎን ነው።

ወንድምዎ ስለ ሜሪላንድ የሚለው ውሸት አይደለም። እዚያ ካሳ ለማግኘት ተጎጂው የነጂውን ጥፋት ማስረዳት አለበት። ከዚያም አልፎ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ሰሜን ካሮላይናና አላባማ አብዛኛው አሜሪካ የተወውን አንድ ጥብቅ ደንብ አሁንም ይዘዋል፤ ተጎጂው ራሱ ለአደጋው ጥቂት እንኳ አስተዋጽኦ ካደረገ ባዶ እጁን ይመለሳል። የሜሪላንድ ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ይህን ደንብ እንዲለውጥ ተጠይቆ፣ መለወጥ ከተፈለገ ሕግ አውጪው ይለውጠው ብሎ አልፎታል። ዋሽንግተን ዲሲም ያው ደንብ ነበራት፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ግን ለእግረኛና ለብስክሌተኛ አላልታዋለች። ወገኖቻችን በብዛት የሚኖሩት በእነዚሁ አካባቢዎች በመሆኑ፣ «ጥፋት ከሌለብኝ ዕዳ የለብኝም» የሚለውን አስተሳሰብ ይዘው ቢመጡ አይፈረድባቸውም።

የእኛ ሕግ ግን የሚነሳው ከሌላ ቦታ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ። ማምለጫው ጠባብ ነው፤ አደጋው ሲደርስ መኪናው ተሰርቆ እንደነበር ማስረዳት። ወንድም ቁልፍ ተቀብሎ ሄደ ማለት ስርቆት አይደለም። ቁጥር 2086 ደግሞ በሩን ይበልጥ ያጠብበዋል። «ጥፋት አልሠራሁም»፣ «የአደጋው ምክንያት አልታወቀም»፣ «ጉዳቱን ማስቀረት አልችልም ነበር»፣ «ጥፋቱ የሦስተኛ ሰው ነው» የሚሉት መከላከያዎች ከኃላፊነት አያድኑም። የሚያድነው ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በራሱ በተጎጂው ጥፋት መድረሱን ማስረዳት ነው፤ በከፊል ከሆነ ካሳው በዚያው ልክ ይቀንሳል እንጂ እንደ ሜሪላንዱ ጨርሶ አይቀርም። ስለዚህ በአገራችን ዳኛ ፊት የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን አጠፋ?» ሳይሆን «መኪናው በማን ስም ነው?» የሚለው ነው። ሊብሬው ላይ ያለው የእርስዎ ስም ነው። ወንድምዎ አጥፍቶ ከተገኘ የከፈሉትን ከእሱ መልሰው መጠየቅ ይችላሉ፤ ይህ ግን የሁለታችሁ ጉዳይ ነው፤ እግሩ የተሰበረው ልጅ እስክትስማሙ የሚጠብቅበት ምክንያት የለም።

በዚህ አጋጣሚ መኪና ሸጠው ስመ ሀብቱን ሳያዛውሩ ወደ አሜሪካ ለሚመለሱ ሁሉ፦ በእናንተ ስም የሚሄደው መኪና የትም ሰው ቢገጭ መጥሪያው የሚመጣው በእናንተ ስም ነው። ሽያጩን ማስረዳት እስኪቻል የሚያልፈውን እንግልት ፍርድ ቤት በር ላይ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ወደ ላሟ እንመለስ፤ የነገሩ ጣፋጭ ክፍል እሱ ነው። ባለመኪናው በ2081 እንደሚጠየቀው ሁሉ የእንስሳ ባለቤትም በቁጥር 2071 ይጠየቃል። እንስሳው ሳይታሰብ ከእጁ ቢያመልጥ ወይም ጉዳቱ አስቀድሞ የማይታወቅ ቢሆን እንኳ ኃላፊነቱ አይቀርለትም። ስለዚህ ባለላሙ የላሟን ዋጋ፣ የምትታለብ ከነበረችም የሚቀርበትን ወተት ሲጠይቅዎት፣ እርስዎ ደግሞ የተጨራመተውን መኪና ማሠሪያ ከእሱ መጠየቅ ይችላሉ። ሁለቱም ያለ ጥፋት የሚጠየቁ ስለሆኑ ክርክሩን የሚለየው የማንኛው ወገን ጥፋት ተረጋገጠ የሚለው ነው፤ መንጋው በእረኛ ይነዳ ነበር ወይስ ተለቆ፣ መኪናው በምን ፍጥነት ይሄድ ነበር፣ መንገዱ ከርቀት ይታያል ወይስ አይታይም። ሕጉ ለገበሬው አንድ መውጫም ትቶለታል። በቁጥር 2074 መሠረት የቤት እንስሳ ባለቤት እንስሳውን ለተጎጂው በማስረከብ ከኃላፊነት ነጻ ሊወጣ ይችላል፤ በራሱ ጥፋት ካልሆነ በቀር። በሞተች ላም ግን ይህ ብዙም አያዋጣም። አሜሪካም ቢሆን በዚህ በኩል አንድ መልክ አይደለችም፤ ከብት ያለ አጥር በሚሰማራባቸው አንዳንድ የምዕራብ ግዛቶች ላም የገጨ ነጂ ለባለከብቱ ሊከፍል ይችላል።

ወንድምዎ «ላሟ ነች የገባችብኝ» የሚለው ለካሳው ብዙ ባይጠቅመውም ለወንጀሉ ክፍል ዋጋ አለው፤ በወንጀል ያለ ጥፋት ቅጣት የለምና። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 59 ቸልተኝነትን ሲተረጉም አደጋ ሊደርስ እንደሚችል ማወቅ የሚገባውና የሚችል ሰው ሳያስብ መቅረቱን ይመለከታል፤ ሲመዝንም የሰውየውን ዕድሜ፣ የኑሮ ልምድ፣ ትምህርትና ሥራ ያያል። ዐቃቤ ሕግ ቢያነሳው ከባድ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። በዋሽንግተን ቀለበት መንገድ ላይ ላም አይጠበቅም፤ እግረኛም አይገባበትም። ከደጀን እስከ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም በአማኑኤልና በደንበጫ አድርጎ ወደ ቡሬ የሚያልፈው አስፋልት ግን የመኪና ብቻ መንገድ ሆኖ አያውቅም። በገበያ ቀን ጤፍ የጫነ አህያ፣ የእንጨት ሸክም የተሸከመች ሴት፣ ባጃጅና ኤፍ ኤስ አር እኩል ይሄዱበታል። እዚያው ያደገ ሰው «ከብት ይገባል ብዬ አልጠበቅሁም» ቢል ዳኛው ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

ልማዱም ሌላ ነው። አሜሪካ ክላክስ ስድብ ነው፤ እኛ ዘንድ መንጋው አጠገብ ክላክስ ሳያሰማና ሳይቀዘቅዝ ያለፈ ነጂ ነው የሚወቀሰው። ዳገት ላይ ከፊት ያለው ከባድ መኪና በፍሬቻ «እለፍ» ሲል የሚያልፍም ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ምልክት መከባበር እንጂ መከላከያ አይደለም፤ ከፊት የሚመጣ መኪና ቢገጨው የሚጠየቀው ደርቦ ያለፈው ነው። ሁለት መኪኖች ሲጋጩ፣ አደጋው በአንደኛው ነጂ ጥፋት ብቻ ወይም በአመዛኙ መድረሱ ካልተረጋገጠ በቀር፣ ቁጥር 2084 ጉዳቱን ለሁለቱ ባለቤቶች እኩል ያካፍላል። ማስረጃ ያልያዘ ሰው የጉዳቱን ግማሽ ይሸከማል ማለት ነው። ስለዚህ የትራፊክ ፖሊሱ ፕላን ሲያነሳ አጠገቡ ይሁኑ፤ ልኬቱ ከተሳሳተ እዚያው ይናገሩ፤ ራስዎም ፎቶ ያንሱ።

በወንጀሉ በኩል ሌላም ማወቅ የሚገባችሁ አለ። የተጎዳን ሰው ጥሎ መሄድ በአንቀጽ 575 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ጉዳቱን ያደረሰው ራሱ ጥሎ ሲሄድ ደግሞ ይከብዳል። ሕጉ የሚጠይቀው በራስ ላይ አደጋ ሳያስከትል የሚደረግን እርዳታ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ በቀጥታ ቅርብ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ መሄድና ማሳወቅ ማምለጥ አይባልም። ነጂው ከተያዘ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የሰጠው መብት አለ፤ ያለመናገር መብት፣ ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ የሚወስደው ጊዜ ሳይታሰብ በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት መቅረብ፣ ዋስትና መጠየቅ። በወንጀል ነጻ መባል ግን የካሳውን ክስ አይዘጋም። ቁጥር 2149 በግልጽ እንደሚለው የፍትሐ ብሔር ዳኛ በወንጀል ችሎቱ የነጻ ውሳኔ አይታሰርም።

አሁን ሽማግሌዎቹ። ጎጃም ውስጥ ሽማግሌ ሲላክ አልቀበልም ማለት ነውር ነው፤ እንዲቀበሉም እመክራለሁ። ካሳ መክፈልና ተጎጂን መርዳት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 ቅጣት ያቀላል። ነገር ግን ሁለት ነገር ያስተውሉ። በመጀመሪያ፣ አብዛኛው የመድን ውል ባለመኪናው መድን ሰጪው ሳያውቅ ጥፋትን እንዳያምንና እንዳይታረቅ ይከለክላል፤ ስለዚህ መድን ድርጅቱ ቀድሞ በጽሑፍ ይወቅ። ሌላው፣ በቁጥር 3307 እና ተከታዮቹ የሚገዛው የዕርቅ ውል ከተፈረመ በኋላ እንደ መጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል። ልጁ ከ18 ዓመት በታች ስለሆነ ውሉን ፍርድ ቤት ቢያጸድቀው ለሁለቱም ወገን ይበጃል፤ ያለበለዚያ አካለ መጠን ሲደርስ ነገሩ እንደገና ሊነሳ ይችላል።

የሦስተኛ ወገን መድኑን በተመለከተ፣ አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለሞት ከ5,000 እስከ 40,000 ብር፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40,000፣ ለንብረት እስከ 100,000 ብር ወስኖ ነበር፤ ለድንገተኛ ሕክምናም 2,000 ብር። አደጋው በደረሰበት ቀን ይሠራ የነበረውን ጣሪያ መድን ሰጪውን ጠይቀው ይያዙ። ከጣሪያው በላይ ያለው የባለመኪናው ዕዳ ነው። የሕሊና ካሳ ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ እስከ ዛሬ ከ1,000 ብር አይበልጥም፤ ሜሪላንድ ውስጥ የዚሁ ዓይነቱ ካሳ ጣሪያ ከ900,000 ዶላር በላይ ነው። የእኛው ጣሪያ ለ1952 ይበቃ ይሆናል፤ ዛሬ ግን ተጎጂን ማላገጥ ነው።

የወንድምዎ የሜሪላንድ መንጃ ፈቃድስ? ኪስ ውስጥ ስላለ ብቻ እዚህ አያስነዳም። ተረጋግጦ በውጭ ጉዳይ በኩል ካለፈ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 መሠረት ወደ ኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ መቀየር ነበረበት። ሳይቀየር ከነዳ መድን ድርጅቱ ለልጁ ቢከፍልም እንኳ ዞሮ እርስዎን ሊጠይቅ፣ ለመኪናዎ ማሠሪያ ደግሞ አልከፍልም ሊል ይችላል።

ወንድምዎ ከመሳፈሩ በፊት ቃሉን ለፖሊስ ይስጥ፤ በእሱ ስም የሚከራከር ሰው እንዲኖርም በሰነዶች ማረጋገጫ ውክልና ይስጥ። እርስዎ ደግሞ የፖሊስ ሪፖርቱንና የልጁን የሕክምና ማስረጃ ይዘው ዛሬውኑ ለመድን ድርጅቱ ያመልክቱ። የመኪናዎን ማሠሪያ ከባለላሙ ለመጠየቅ ያለዎት ጊዜ፣ በቁጥር 2143 መሠረት፣ አደጋው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው።